ወረቀቶቻችን አንድ ቃል ይናገሩ

  እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተሰበሰብነው ስለ አሜሪካ ፓስፖርት ልንነጋገር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚወጣው፣ ስለሚታደሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለልጆቻችን ስለምንጠይቀው። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የኛን ስጠራ ለይቼ እናገራለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል። ማመልከቻችንን የሚመረምረው ሠራተኛ እኛን አያውቀንም። የማን ልጅ እንደሆንን፣ ስንት ዓመት ሠርተን ግብር እንደከፈልን፣ በሰፈራችን ምን ያህል እንደምንከበር አይጠይቅም። ከፊቱ ያለው ወረቀት ነው። ከወረቀቱም የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆኑን፣ ከዚያም ዜጋ የተባለው ሰውና አመልካቹ አንድ መሆናቸውን። የመጀመሪያውን ማስረዳት ለአብዛኞቻችን አይከብድም፤ የዜግነት ምስክር ወረቀቱ አለ። የሚያስቸግረን ሁለተኛው ነው። ከአገር ቤት የመጣው የልደት ወረቀት አንድ ስም ይላል፣ ግሪን ካርዱ ሌላ ይላል፣ መንጃ ፈቃዱ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ቅጹን መሙላት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሁሉም አንድ ቃል እንዲናገሩ ማድረግ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እኔ ዝግጅት የምለው ይህንን ነው።

መቼ ይጀመር? ለብዙዎቻችን ነገሩ የሚጀመረው ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ነው። «እማማ ደክመዋል፣ ብትመጣ ጥሩ ነው» ሲባል ያኔ ሻንጣ ይበረበራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቀጠሮ ይፈለጋል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ እዚህ ስቴት ዲፓርትመንት የምንለው፣ በደኅና ጊዜ አንድን ማመልከቻ በመደበኛ አሠራር ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ተጨማሪ 60 ዶላር ተከፍሎ በአስቸኳይ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይጨርሳል። በዚህ ውስጥ ፖስታው ሲሄድና ሲመለስ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም፤ እሱ ለብቻው በሄደበት እስከ 2 ሳምንት፣ በመጣበትም እንዲሁ ሊወስድ ይችላል። ደኅናው ጊዜ ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም። በ2023 የጸደይ ወራት፣ ከወረርሽኙ በኋላ ሰው ሁሉ ጉዞ ሲነሣ፣ መደበኛው ከ10 እስከ 13 ሳምንት፣ አስቸኳዩ እንኳ ከ7 እስከ 9 ሳምንት ደርሶ ነበር። ለክረምት ዕረፍት ልጆቻቸውን አገር ቤት ሊወስዱ ትኬት የቆረጡ ስንቶች እንደቀሩ ከመካከላችሁ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

«ለሞትና ለጽኑ ሕመም አስቸኳይ አለ አይደል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አለ። የቅርብ ቤተሰብ ውጭ አገር ቢሞት ወይም በጽኑ ቢታመም፣ ጉዞውም በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ፣ ስልክ ደውሎ በፓስፖርት ኤጀንሲ ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል። አንዱ ኤጀንሲ እዚሁ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው። ነገር ግን «የቅርብ ቤተሰብ» የሚባለው ማን እንደሆነ አድምጡኝ። አባት፣ እናት ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድምና እኅት፣ አያት። እዚህ ላይ ያበቃል። አክስት የለችበትም። አጎት የለበትም። የአክስት ልጅም የለም። በኛ ቤት ግን ስንቱን ልጅ አክስት አሳደገችው? እናቱ ገጠር ሆና አክስቱ ከተማ ወስዳ ፊደል ያስቆጠረችው፣ «እትዬ» እያለ ያደገ፣ ከእናቱ ያልለያት ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥም ይኖራል። የእትዬ መርዶ ሲመጣ በዚያ መስኮት በኩል መግቢያ አያገኝም። የሚቀረው በ14 ቀን ውስጥ ለሚጓዝ ማንኛውም ሰው የተከፈተው የአስቸኳይ ጉዞ ቀጠሮ ነው፤ እሱ ደግሞ ቦታ ካለ ነው፣ ለማንም ዋስትና የለውም። ለእናትና ለአባትም ቢሆን ከሐኪም ቤት የተፈረመ ደብዳቤ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ በእንግሊዝኛ ወይም ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር መሆን አለበት። በአገራችን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነውና፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ ሐኪም ቤት ሳለ ደብዳቤውን በሆስፒታሉ ማኅተም አስጽፎ በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ንገሩት።

ቀብር በኛ ልማድ በማግስቱ፣ በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ በዚያው ዕለት ነው፤ ፓስፖርት በእጅ ቢኖርም ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ አይደረስም። ለሠልስት ግን ይደረሳል። ከእኅት ከወንድም ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ይቻላል። ይህን በማግኘትና በማጣት መካከል የሚቆመው ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ የዜግነት መሐላ የፈጸማችሁ ዕለት ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ግቡ፣ ደስታችሁን አክብሩ፣ በዚያው ሳምንት ለፓስፖርት አመልክቱ። የጉዞ ሐሳብ ኖረ አልኖረ።

ወደ ስም ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ። እንበል አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል አባወራ አለ። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ላስት ኔሙ ተሰማ ሆነ። ባለቤቱ ሰናይት ግርማ ወልዴ ናት፤ የኛ ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይለቁምና ላስት ኔሟ ወልዴ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ልጃቸው ሕሊና አበበ ከበደ ናት፤ የሷ ላስት ኔም ከበደ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለተኛው ልጅ ናታን እዚህ ሜሪላንድ ተወለደ፤ ሆስፒታል ውስጥ የልደት ቅጽ ሲሞላ አባቱ እንደ አገራችን ደንብ «ናታን አበበ» አለ፤ ላስት ኔሙ አበበ ሆነ። በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ሰው፣ አራት ላስት ኔም። ለእኛ ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም የትውልዱን መስመር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዚህ አገር ቅጽ ግን ቤተሰብ ማለት አንድ ላስት ኔም ነው፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ሕሊና የአበበ ልጅ መሆኗን በስሙ ሊያውቅ አይችልም።

እኔ ስማችሁን ቀይሩ አልልም። አንዳንድ ሰዎች «ለልጁ እንዲቀለው» ብለው የኛን ሥርዓት ሲተዉት አዝናለሁ፤ ስም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድበት የራሳችን መንገድ አለን፣ ሕጉም አልከለከለውም። የሚያስፈልገው የሚያገናኘውን ወረቀት ሙሉ ማድረግ ነው። የሕሊና የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባት ስም «አበበ ከበደ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ የአበበ የዜግነት ወረቀት ደግሞ «አበበ ከበደ ተሰማ» ካለ፣ የሦስተኛው ስም መጉደል ብቻውን ጥያቄ ያስነሣል። ሦስቱም ስም ይጻፍ። የእናትየውም እንዲሁ።

ከዚያ የፊደል አጻጻፍ ይመጣል። ዮሐንስ በእንግሊዝኛው በአንድ ኤን ነው በሁለት? ተሰማ ውስጥ ያለው ኤስ አንድ ነው ሁለት? ፀሐይ በቲ ትጀምራለች ወይስ በኤስ? ገብረ መድኅን፣ ወልደ ገብርኤል፣ ኃይለ ማርያም ተጣብቀው ይጻፋሉ ወይስ ተለያይተው? አገር ቤት የልደት ወረቀቱን የሚያስወጣው ዘመድ እንደመሰለው ይጽፋል፣ ክፍለ ከተማው እንደመሰለው ያትማል፣ እኛም እዚህ ተቀብለን ሳናነብ መሳቢያ ውስጥ እናስገባለን። ስለዚህ ለዘመዱ ውክልና ስትልኩ፣ የዜግነት ወረቀታችሁን ወይም የግሪን ካርዳችሁን ፎቶ አብራችሁ ላኩና «በዚህ አጻጻፍ ብቻ» በሉት። ታትሞ ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን አንብቦ ፎቶውን እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አንዴ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማረም ሌላ ወረፋ ነው።

አንድ ስም ብቻ ይዘው የመጡ ወገኖቻችን ደግሞ የተለየ ችግር አለባቸው። አገር ቤት በወጣው ፓስፖርት ላይ ስሙ በአንድ ሳጥን ብቻ ገብቶ ሌላው ባዶ ከቀረ፣ የአሜሪካ ቪዛ የመጀመሪያ ስማቸውን «ኤፍ ኤን ዩ» ብሎ ይሞላዋል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ለማለት ነው። ግሪን ካርዱም፣ መንጃ ፈቃዱም፣ የባንክ ካርዱም ላይ ሰውየው ኤፍ ኤን ዩ ተብሎ ይቀራል። ይህን የማስተካከያ ጥሩ ጊዜ የዜግነት ማመልከቻው ነው። በዚያ ቅጽ ላይ የስም ለውጥ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ መሐላውን በፍርድ ቤት ዳኛ ፊት የምትፈጽሙ ከሆነ ዳኛው ስሙን በሕግ ይለውጠዋል፣ የዜግነት ወረቀቱም በአዲሱ ስም ይወጣል። ፓስፖርት የዜግነት ወረቀቱን ስም ስለሚከተል፣ ገና ዜግነት ያልወሰዳችሁ ይህን ዕድል አታሳልፉት። ከዚያ በኋላ ከሆነ ለብቻው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ከፍሎ፣ ትእዛዝ አውጥቶ ነው።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ያጣላል። ስምንት ዓመት ጨምሮ ወሩን በግምት መጻፍ ልማድ ሆኗል። ታኅሣሥ 22 ቀን 1990 በኛ አቆጣጠር የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ 1997 ነው የተወለደችው። ታኅሣሥ 23 የተወለደችው ጎረቤቷ ግን ጃኑዋሪ 1፣ 1998 ላይ ትወድቃለች። የአንድ ሌሊት ልዩነት ዓመቱን ለወጠው። ጳጉሜን 6 ቀን 1991 የተወለደ ልጅ ሴፕቴምበር 11፣ 1999 ነው፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1992 የተወለደው ሴፕቴምበር 12፣ 1999። ብዙ ሰው መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ይጽፋል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ግን 12 ነው። ስለዚህ የልጃችሁን ቀን በትክክለኛ መቁጠሪያ አስልታችሁ አንድ ጊዜ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቅጽ ላይ ያው ይሁን። አዋቂዎችም በግሪን ካርዳችሁ ላይ ያለው ቀን ከተሳሳተ ከመሐላው በፊት አንሡት። እውነት ነው ብላችሁ ፈርማችሁ የማላችሁበትን ቀን የዜግነት ወረቀት ላይ ማስለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ካልሆነ በቀር አይነኩትም።

አሁን ወረቀቱ ተስማምቷል እንበል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው ዲኤስ 11 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። በጥቁር እስክሪብቶ ነው፤ የተሳሳተውን በነጭ ቀለም መደለዝ አይፈቀድም፣ ሌላ ገጽ አውጥቶ እንደገና መጻፍ ነው። ቤት ውስጥ አትፈርሙበት። ፊርማው የሚያርፈው በፖስታ ቤቱ ወይም ማመልከቻ በሚቀበለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሠራተኛው እያየ፣ ካስማላችሁ በኋላ ነው። ክፍያው ለሁለት ይከፈላል፤ ለአዋቂ 130 ዶላር፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ 100 ዶላር ለስቴት ዲፓርትመንት፣ 35 ዶላር ደግሞ ለሚቀበለው ቢሮ። የመጀመሪያው በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር እንጂ በካርድ አይከፈልም። ቀጠሮ ይዞ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ቼክ ባለመያዙ የሚመለስ ሰው አያለሁና ይህን በደንብ ያዙልኝ። ዋጋ ይለወጣልና ከመሄዳችሁ በፊት የመንግሥቱን ድረ ገጽ እዩ።

ስለ ዜግነት ወረቀቱ ሁለት ፍርሃቶች አሉ፤ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ኮፒ ነው። ወረቀቱ ራሱ ላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ኮፒ ማድረግ እንደሚያስቀጣ ተጽፏል፤ ይህን አንብበው ኮፒ ሳያደርጉ የሚመጡ አባቶች አሉ። ለፓስፖርት ተብሎ የሚደረግ ኮፒ ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም ከዋናው ጋር ኮፒውን ማስገባት ግዴታ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ዋናውን በፖስታ መላክ ነው። ስንት ዓመት የተጠበቀ ወረቀት ነውና ከእጅ መለየቱ ያስጨንቃል። ነገር ግን መላኩ አይቀርም። ፓስፖርቱ ከመጣ በኋላ ወረቀቱ በሌላ ፖስታ ለብቻው ይመለሳል፤ ሳምንት ቢዘገይ አትደንግጡ። ግን አድራሻችሁን በትክክል፣ የአፓርትመንቱን ቁጥር ጭምር ጻፉ፤ ቢጠፋ ምትኩን ለማውጣት ከ500 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ ላሚኔት አታስደርጉት። ለመጠበቅ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማኅተሙን የሚመረምር ሰው ግን ወረቀቱን በእጁ ሊዳስስ ይፈልጋል።

ልጆች ላይ ደርሰናል። ብዙ ወላጅ የማያውቀው፣ ወይም አውቆ የማያምነው አንድ ሕግ አለ። ከፌብሩዋሪ 27፣ 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ ከዜጋ ወላጁ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮ የሚኖር ልጅ፣ ወላጁ በማለበት ቅጽበት እሱም ዜጋ ይሆናል። ማመልከቻ የለም፣ ፈተና የለም፣ መሐላ የለም። ስለዚህ አበበ ሲምል አዲስ አበባ የተወለደችው ሕሊና አብራ ዜጋ ሆነች፤ ማንም አልነገራትም እንጂ። የሚያስፈልጋት ማስረጃ ነው። ለፓስፖርቷ የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ ግሪን ካርዷን፣ የአባቷን የዜግነት ማስረጃ፣ የወላጆቿን የጋብቻ ወረቀት ይዛ ትቀርባለች። ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያስከፍለውን የዜግነት ሰርተፍኬት አስቀድማ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ይህን ያልተረዱ ሰዎች ለልጅ ግሪን ካርድ ሲያሳድሱ ኖረው፣ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ግራ ይገባቸዋል። ልጃችሁ 18 ዓመት ካለፈውም ዜግነቱ ቀድሞ ተፈጽሟልና በነዚሁ ወረቀቶች እንደ አዋቂ ማመልከት ይችላል። አቅሙ ላለው ግን የእኔ ሐሳብ ሰርተፍኬቱንም ውሎ አድሮ ማውጣት ነው፤ ፓስፖርት ጊዜው ያልፍበታል፣ ሰርተፍኬት አያልፍበትም።

እንግዲህ ሁሉም ነገር በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ይንጠለጠላል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ሲወለዱ የተሰጣቸው የመንግሥት ወረቀት የላቸውም፤ ያላቸው የክርስትና ካርድ ወይም የክትባት ካርድ ነው። እነዚህን አትጣሉ፤ የልደት ወረቀቱን ለማውጣት መነሻ ይሆናሉ። ወረቀቱ ወጥቶ፣ በአገር ቤቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ቢሮ ለቢሮ እንደሚያዞር ታውቁታላችሁ። ለዚህ ነው ወላጅ የዜግነት ማመልከቻውን ባስገባ ዕለት የልጁን የልደት ወረቀት ጉዳይም አብሮ ይጀምር የምለው።

ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ጋር መቅረብ አለባቸው። አንዱ መምጣት ካልቻለ ዲኤስ 3053 የሚባለውን የፈቃድ ቅጽ ኖታሪ ፊት ፈርሞ፣ የመታወቂያውን ፊትና ጀርባ ኮፒ አያይዞ ይልካል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ3 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና። አባትየው አዲስ አበባ ከሆነ እዚያ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ ይፈርማል። ተፋተው ለማይነጋገሩ ወላጆች እኔ ሁሌም የምለው፣ በመካከላችሁ ያለው ነገር ምንም ይሁን፣ ይህችን ፊርማ ልጁን መቅጫ አታድርጓት ነው። አያቱን ሳያይ የሚያድግ ልጅ በሁለታችሁ ጠብ ውስጥ ድርሻ የለውም። በፍርድ ቤት ብቸኛ አሳዳጊነት የተሰጠው ወላጅ የፍርዱን ትእዛዝ፣ የትዳር ጓደኛው በሞት የተለየው ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀቱን ያቀርባል። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ የአዋቂው 10። በልጅ ፓስፖርት ላይ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ሳይታወቅ ከተፍ ይላል።

ፎቶው ብዙ አያስቸግርም፤ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች፣ ነጭ መደብ፣ ባለፉት 6 ወራት የተነሣ። መነጽር ከኖቬምበር 1፣ 2016 ወዲህ አይፈቀድም። ሂጃብ የምትለብሱ እኅቶቻችን በየዕለቱ በአደባባይ የምትለብሱት የሃይማኖት ልብስ መሆኑን ጽፋችሁ ፈርማችሁ ታያይዛላችሁ፤ ፊት ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፣ ጥላም ማረፍ የለበትም። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለበስ ነጠላ ግን ከዚህ አይቆጠርም፤ እናቶች ለፎቶው ዝቅ አድርጉት።

እድሳት ከሁሉ ቀላሉ ነው። ፓስፖርቱ በእጃችሁ ካለ፣ ካልተቀደደና ውሃ ካልነካው፣ ሲወጣ 16 ዓመት ከሞላችሁ፣ ከወጣም 15 ዓመት ካላለፈው፣ ዲኤስ 82ን ሞልቶ በፖስታ መላክ ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ስሙን ላልለወጠና 25 ዓመት ለሞላው ሰው በኢንተርኔት ማደስ ተከፍቷል። አስተውሉ፤ በኢንተርኔት ማመልከቻውን የላካችሁ ቅጽበት አሮጌው ፓስፖርት ይሰረዛል፣ በእጃችሁ ቢኖርም አትጓዙበትም። ድረ ገጹ መጨረሻው «ዶት ጎቭ» የሆነው የመንግሥቱ ብቻ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ቀድመው ብቅ የሚሉት ብዙዎቹ ገንዘብ ተቀብለው ያንኑ ነጻ ቅጽ የሚሞሉ ናቸው። መቼ ይታደስ ካላችሁ፣ ማለቂያው 9 ወር ሲቀረው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገር ከጉዞው ቀን ጀምሮ የ6 ወር ዕድሜ ስለሚጠይቅ፣ 5 ወር የቀረው ፓስፖርት ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ አያሳልፋችሁም። ቅጹ ላይ ባለ ብዙ ገጹን ትልቁን ደብተር የምትመርጡበት ሳጥን አለ፣ ጭማሪ ክፍያ የለውም፤ ከ2016 ወዲህ ገጽ ማስጨመር ስለቀረ አዘውትራችሁ ለምትጓዙ ይጠቅማችኋል።

አንድ የምታፍሩበትን ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰዎች በግል ሊጠይቁኝ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ነገሩ የዘገየ ይሆናል። ከ2,500 ዶላር በላይ የልጅ ማሳደጊያ ያልከፈለ ሰው ፓስፖርት አይሰጠውም። ከባድ የግብር ዕዳም እንዲሁ፤ በ2015 በወጣው ሕግ መነሻው 50,000 ዶላር ነበር፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ ከፍ ይላል። በታክሲና በራይድ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች ግብር ከክፍያችሁ ላይ ስለማይቆረጥላችሁ ዕዳው ቅጣትና ወለድ እየጨመረ ሳይታወቅ ያድጋል። መፍትሔ አለው፤ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር በየወሩ ለመክፈል የተዋዋለና ውሉን የጠበቀ ሰው አይከለከልም። ደብዳቤያቸውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ።

ፓስፖርት ቤቱ ተጨማሪ ማስረጃ ፈልጎ ቢጽፍም ያው ነው። መልስ ለመስጠት ብዙውን ጊዜ 90 ቀን ይሰጣል። ደብዳቤውን የሚያነብላችሁ ሰው ከሌለ ወደኛ ይዛችሁ ኑ፤ ጸጥ ብሎ ማለፍ ማመልከቻውን ይገድለዋል፣ የከፈላችሁትም አይመለስም።

ፓስፖርቱ ሲደርስ ፖስታውን ከፍታችሁ በብርሃን ሥር ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ አገር፣ ጾታ። የኅትመት ስሕተት ካለ በዲኤስ 5504 ያለ ክፍያ ይታረማል፤ ፎቶ አንሥታችሁ ወዲያው አመልክቱ። ትክክል ከሆነ ፈርሙበት፣ ያልተፈረመ ፓስፖርት ዋጋ የለውም። መጻፍ ለማይችል ሕፃን ወላጁ የልጁን ስም ጽፎ፣ የራሱን ስም ፈርሞ፣ እናት ወይም አባት መሆኑን በቅንፍ ያስገባል። ትኬት ስትቆርጡ ስሙን ከደብተሩ ላይ እያያችሁ አስጽፉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከአገር ቤት ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ስለዚህ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መግባትና መውጣት አይቻልም። በምትኩ በአዋጅ ቁጥር 270/1994፣ ይህም በኛ አቆጣጠር፣ የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ ያስገባል። ለሱም አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ትውልዳችሁን የሚያስረዳ ወረቀት ነውና ጊዜው ቢያልፍበትም አስቀምጡት። ቢጫ ካርድ ለማውጣት ስትሄዱ ስማችሁ በአዲሱ የአሜሪካ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ። ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አብረን እናያቸዋለን፤ ከሩቅ የመጣችሁና ሕፃን የያዛችሁ ቅደሙ።